የግቢያችሁን ጎርፍ ወዴት ትልኩታላችሁ? ለጅማ ሰፈሮች የሚሆኑ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አርባ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ከእኛ ግቢ የወጣው ውሃ ታች ያሉት እትዬ ቤት ገባ። ግቢያችን ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ አስለብሰን፣ የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ወደ በር አውጥተን "ተገላገልን" ብለን ነበር። እትዬ ዝናቡ ሲያባራ መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ውሃችሁን እናንተው ጋ አሳድሩት እንጂ" ብቻ ነው ያሉኝ። አንድ ጆንያ በቆሎ እስከ ወገቡ ርሶባቸው ነበር። አብረን ተቀምጠን ደረቅ ደረቁን ለየን።

ያቺ "አሳድሩት" የምትል ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ከዚያ ወዲህ ጠየቅኩ፣ ቆፈርኩ፣ ለካሁ። ሰው ግቢውንና ሰፈሩን ከጎርፍ ለማዳን ሲነሳ አንዱ "ሮቶ ግዛ" ይለዋል፣ ሌላው "ጉድጓድ ቆፍር"፣ ሌላው "ዛፍ ትከል"፣ ግንበኛው ደግሞ "በሲሚንቶ ቦይ ጨርሰው" ይለዋል። ሁሉም እንደየቦታው ልክ ሊሆን ይችላል። ቦታው ካልሆነ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንነጋገር፣ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን።

## ጅማ ላይ ውሃው የሚሄድበት መንገድ

ጅማ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዳገት ነው፣ መሃሏ ለጥ ያለ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፣ ዋናው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ኪቶ በሌላ በኩል ይመጣል። መድረሻቸው ቦዬ ረግረግ ነው፣ ከዚያም ግልገል ጊቤ።

ይሄ ማለት ላይ ሰፈር ያለ ሰው ከበሩ ያስወጣት እያንዳንዷ ባልዲ ታች ሰፈር ትደርሳለች። ድሮ ግቢው ሣር፣ ጓሮው ቡናና ሙዝ በነበረ ጊዜ አፈሩ ብዙውን ይጠጣው ነበር። አሁን ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶውና አስፋልቱ በዝቷል። የሚዘንበው ያው ነው፣ ታች የሚደርሰው ግን በአንዴና በብዛት ነው።

የሲሚንቶ ቦይ (ሁላችንም ዲች የምንለው) ያስፈልጋል፣ በተለይ በዋና መንገድ ዳር። አልቃወመውም። ግን ስራው ውሃ ማሳለፍ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ውሃውን ያፈጥነዋል፣ የላዩን ሰፈር ችግር ወደ ታችኛው ያወርደዋል። በዚያ ላይ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ዝናብ ከመጣሉ በፊት አንዱን ዲች ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የጫት ገራባ። አንዴ ከተደፈነ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ ከባጃጅ ጋር ይጋፋል።

ሌላው ዓለምም እዚህ ላይ ሃሳቡን ቀይሯል። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2011 ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ዘነበባትና ከተማዋ በውሃ ተሞላች። ከዚያ በኋላ ቱቦ ከማስፋት ባሻገር መናፈሻዎችንና መንገዶችን ራሳቸውን ውሃ ማሳደሪያ ማድረግ ጀመረች። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ከተሞች "ስፖንጅ ከተማ" የሚል ሙከራ ጀምራለች። የሁሉም ሃሳብ ከእትዬ ንግግር ጋር አንድ ነው። ውሃው በወደቀበት ይደር።

## በምን እንመዝን?

ስንት ውሃ ነው? ይህን ሳታውቁ ምንም አትግዙ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 70 ካሬ ቢሆንና 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,100 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የሚተነውንና የሚፈናጠረውን ቀንሱለትና ወደ 1,800 ሊትር ያዙ። ይሄ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው። ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ ካላችሁ የእሱንም ካሬ ደምሩበት። እኛ ጋ ስደምረው ከጣሪያው ይልቅ ግቢው በልጦ አገኘሁት።

አፈሩ ይጠጣል ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጅማ ሁለት ዓይነት አፈር አላት ብላችሁ አስቡ። ዳገቱ ላይ ያለው ጥልቅ ቀይ አፈር ውሃ ያሰርጋል። ታች ለጥ ያለው ላይ፣ በተለይ ወደ ቦዬ ስትጠጉ፣ ዋልካ ነው፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚሉት። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃውን ላዩ ላይ ይዞ ይቆማል። ለቀይ አፈር የሚሰራው ለዋልካ አይሰራም።

ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ስፋት ያላት ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሞልታችሁ ተዉት ይጥፋ። ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ያታልላል፣ ስለዚህ ድጋሚ ሙሉት። አሁን አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ውስጡ አቁማችሁ የውሃውን ልክ በከሰል ምልክት አድርጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እዩት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ አፈራችሁ ጥሩ ጠጪ ነው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ብቻ ከወረደ ማስረግ የሚባለውን ነገር ተዉት። እኛ ግቢ አራት ጣት ወረደ። እትዬ ግቢ ግን ጠዋት የሞላነው ሲመሽ ሄጄ ሳየው ውሃው ገና የከሰሉ ምልክት አጠገብ ነበር። በመሃላችን ያለው ርቀት በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም።

ተዳፋቱስ? ገመድ ወጥሩ፣ ውሃ ልክ አድርጉት፣ ለኩ። በአንድ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 5 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ውሃ አቁሞ ማስረግ አደጋ አለው፣ አፈሩ ይንሸራተታል።

ከቤት፣ ከሽንት ቤትና ከጉድጓድ ውሃ ምን ያህል ይርቃል? ውሃ የሚያሰርግ ነገር ከመሠረት ቢያንስ 3 ሜትር፣ በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ከሆነ 5 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድም አርቁት፣ አለዚያ ክረምት ላይ ሽንት ቤቱ ይሞላል። የሚጠጣ የጉድጓድ ውሃ ካላችሁ 30 ሜትር ጠብቁ። ይሄን ርቀት ግቢያችሁ ካልሰጣችሁ ማስረጊያ ጉድጓድን ከዝርዝራችሁ አውጡት።

ማን ያጸዳዋል? ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይሄን ነው። ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ክረምት ያምራል። በሁለተኛው ክረምት ደለል ይሞላዋል። ማን አካፋ ይዞ እንደሚገባ ስሙን ጠርታችሁ ካልወሰናችሁ ርካሹን አማራጭ እንኳን አትጀምሩ።

ትንኝስ? ወባ ያለበት አካባቢ ነው የምንኖረው። ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር ከሳምንት እስከ አስር ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ መመዘኛዬ አንድ ነው። ክፍት ውሃ ከ48 ሰዓት በላይ ግቢ ውስጥ አይቁም። በዚያ ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ ነገሩ ከብዷል፣ እሷ በርሜልና ታንከር ውስጥም ትራባለች።

የዋጋውን ነገር በብር አልጻፍኩም፣ የሲሚንቶና የሮቶ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነገ ያሳስታችኋል። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያልኩ እሄዳለሁ። ዝቅተኛ ያልኩት በአካፋና በጉልበት የሚያልቀውን ነው።

## አማራጮቹ

### ሮቶና አሸንዳ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ውሃ በቧንቧ በማይመጣበት ቀን ይጠቅማል። ልብስ ይታጠብበታል፣ ግቢ ይጸዳበታል፣ ችግኝ ይጠጣበታል። የአፈር ዓይነት አይመርጥም። ቦታም ብዙ አይፈልግም።

ለጎርፍ ግን ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡን እዩት። 70 ካሬ ጣሪያ ሥር ያለ 1,000 ሊትር ሮቶ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ሲዘንብ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፈሳል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትናንት ስለሞላ ዛሬ ባዶ ቦታ የለውም። ሰው ሮቶው ሲሞላ ደስ ይለዋል፣ ለጎርፍ ግን የሞላ ሮቶ ምንም አይሰራም። እኔ ክረምት ላይ የማደርገው ይሄ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቧንቧው ቀስ አድርጌ ግማሹን ወደ ጓሮው እለቀዋለሁ። ውሃ መጣል መስሎ ይታያል፣ በማግስቱ ግን የሚመጣውን ይቀበላል።

ሦስት ነገር አትርሱ። አሸንዳው ቅጠል እንዳይሞላው በየሁለት ሳምንቱ ይጠረግ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ወደ ሮቶው አታስገቡት። አፉንና ትርፍ ማስወጫውን በጥሩ ወንፊት ዝጉ። ትርፍ ማስወጫው የሚያፈስበት ቦታ ደግሞ ከታች ከማነሳቸው አንዱ ይሁን እንጂ የጎረቤት አጥር አይሁን።

### የዝናብ ጓሮ

በእኔ እምነት ለላይ ሰፈር ቀይ አፈር ከዚህ የተሻለ የለም። ምን ማለት ነው? ከጣሪያና ከግቢ የሚመጣውን ውሃ ተቀብሎ ለአንድ ቀን የሚይዝ፣ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ የተቆፈረ የአትክልት ቦታ ነው። ኩሬ አይደለም፣ በማግስቱ ደርቆ መታየት አለበት።

ልኩ የጣሪያው ካሬ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ለ70 ካሬ ጣሪያ 10 ካሬ ያህል ይበቃል። 10 ካሬው በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 1,500 ሊትር ይይዛል፣ እየያዘም ያሰርጋል። ያንን 1,800 ሊትር አስታውሱት። ሮቶው 1,000 ከያዘና ይሄ ቀሪውን ከተቀበለ ከበር የሚወጣ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን አውጡ። እዚህ ጅማ ላይ የታደልነው የቡና ገለፈት ስላለን ነው። ለወራት ተከምሮ በደንብ የበሰበሰ ገለፈት ከአፈሩና ከትንሽ አሸዋ ጋር ደባልቃችሁ መልሱት፣ ከጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ስትሞሉት አትርገጡት፣ ከተደቀደቀ አይጠጣም። በታችኛው በኩል የቀረውን አፈር ከምራችሁ ትንሽ ክትር አድርጉ። ውሃው የሚገባበት ላይ ድፍን ድንጋዮች አስቀምጡ፣ አለዚያ ቱቦው መሃሉን ይቦረቡረዋል። ትርፉ የሚወጣበት ዝቅ ያለ አፍም በድንጋይ ይሰራለት። ይሄን አፍ ረስቶ የሰራ ሰው ክትሩ ተደርምሶ ያያል። እኛም የመጀመሪያውን የሰራልን ሰው ረስቶት ነሐሴ ላይ ድጋሚ ሠራነው።

ምን ይተከልበት? መሃሉ ላይ እግሩ መርጠቡን የማይጠላ። ጎደሬ ይሆናል፣ ቄጠማ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ጠጅ ሳርና ሙዝ። እንሰት መሃል ላይ አታድርጉ፣ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። የእኛው ጎደሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ውሃው እንደ ብርጭቆ ፍሬ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል፣ ልጆቹ ቡና እስኪፈላ ድረስ እዚያ ናቸው።

ድክመቱ ቦታ መውሰዱና ደለል ነው። አፈር ያለበት መንገድ ላይ የሚመጣን ጭቃ ውሃ በቀጥታ ካስገባችሁት በአንድ ክረምት ይደፈናል። ከመግቢያው በፊት ደለል የምታስቀር ትንሽ የድንጋይ ገንዳ ሥሩለት። ዋልካ ላይ ደግሞ አትሞክሩት።

### ሣር የለበሰ ቦይ

ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ጎኑ ለስለስ ያለ፣ ሣር የበቀለበት ቦይ ነው። እንደ ሲሚንቶ ቦይ ውሃ ይወስዳል፣ ግን ሣሩ ፍጥነቱን ይሰብረዋል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ በመንገድ ላይም ጥቂቱን ያሰርጋል። ለሰፈር መንገድ ዳርና ለረጅም ግቢ ጥሩ ነው። ተዳፋቱ ከ1 እስከ 5 በመቶ ከሆነ ያለ ችግር ይሰራል። ከዚያ በላይ ከሆነ በየጥቂት ሜትሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ እርከን ጣል ጣል አድርጉበት፣ ውሃው እየተደናቀፈ ይውረድ።

ጫፉን ለመያዝ ቬቲቨርን የሚያህል አላየሁም። ይሄ ሣር ወደ ኢትዮጵያ የገባው የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ እዚሁ ጅማ መልኮ ባለው የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል፣ ለቡና ማሳ ተብሎ ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። ዘሩ ስለማይበቅል ግቢውን አይወርም፣ የሚባዛው እየተነቀለና እየተከፈለ ነው። በ10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ይተከላል። መስመሩ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን። ሲያድግ ውሃ የሚያጠልል አጥር ይሆናል፣ ቅጠሉም ታጭዶ ለጉዝጓዝ ይሆናል።

ጠላቱ ቆሻሻና መኪና ነው። ባጃጅ የሚቆምበት ቦይ ሣር አይበቅልበትም። ሁለት ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ጫፉ ላይ ካስቀመጣችሁ ይከበራል። ከበር ፊት ለፊት የምትሻገሩበት ላይ ደግሞ ሰፊ ቱቦ ቅበሩ። ጠባብ ቱቦ በመጀመሪያው ሃይላንድ ይዘጋል።

### ማስረጊያ ጉድጓድ

ተቆፍሮ በድንጋይ የሚሞላው። ቦታ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፣ ላዩን በአፈርና በሣር ሸፍኖ ልብስ ማስጫ ማድረግ ይችላል። ግን ሰው አቅሙን አጋንኖ ያያል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ባዶውን 1,500 ሊትር ይይዛል። ድንጋይ ሲሞላ በድንጋዮቹ መሃል የሚቀረው ባዶ ቦታ 40 በመቶ ያህል ነው፣ ስለዚህ 600 ሊትር። ከ10 ካሬ የዝናብ ጓሮ ግማሽ አይሞላም፣ ወጪው ግን ይበልጣል።

ድንጋዩ ታጥቦ ይግባ። ገረጋንቲ አታስገቡ፣ ደቃቁ ታች ወርዶ ይደፍነዋል። የጣሪያ ውሃ ብቻ ላኩበት። የኩሽና ፍሳሽና የግቢ ጭቃ ከገባበት ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ይሞታል፣ መክፈት ደግሞ እንደ አዲስ መስራት ነው። አዌቱ ዳርና ቦዬ አካባቢ ለሚኖር ሰው ግልጽ ልናገር፣ አትድከሙ። ክረምት ላይ ትንሽ ስትቆፍሩ ውሃ ታገኛላችሁ፣ የሞላ ጉድጓድ ምን ይቀበላል?

### ኮብልስቶን

ኮብልስቶን አሸዋ ላይ ከተነጠፈና መጋጠሚያው በአሸዋ ወይም በደቃቅ ጠጠር ከተሞላ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን ከሲሚንቶ ግቢ ብዙም አይለይም። ግቢያችሁን ልታስነጥፉ ከሆነ "መጋጠሚያውን አትለስነው" በሉት። ከሥሩ በጣም የተደቀደቀ ገረጋንቲ ካለም አይጠጣም። ከዚህ የሚረክሰው ግን የመኪናውን ጎማ መንገድ ብቻ አንጥፎ መሃሉን ሣር መተው ነው። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይሄንን ነው፣ ከሲሚንቶው ሲሶውን አስነስተን።

### ዛፍ

ዛፍ በአንድ ትልቅ ዶፍ ውስጥ ብቻውን ብዙ አያግድም። ለቀላል ዝናብ ግን ቅጠሉ ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ሥሩ አፈሩን እየከፈተ ጠጪ ያደርገዋል። ስለዚህ የአምስትና የአስር ዓመት ሥራ ነው፣ ዛሬ ግን መተከል አለበት። ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ አገራችን የሚያውቃቸው ናቸው፣ ጥላቸውም ለቡና ይሆናል። ባህር ዛፍ ከቤትና ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ አትትከሉ፣ ረግረግ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። ዛፍ ከጣሪያ ራቅ ብሎ ይተከል፣ አሸንዳው ይሞላል።

### ረግረግ

ይሄ የአንድ ግቢ ጉዳይ ባይሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቦዬ በነጻ የተሰጠን ትልቁ የጎርፍ ማሳደሪያችን ነው። ከተማው የላከውን ውሃ ሁሉ ተቀብሎ፣ ደለሉን አስቀርቶ፣ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ደንገሉና ፊላው ያጣራል። ጉማሬና ወፍ ይኖርበታል። የጡብ ጭቃ ሲወጣበት፣ ባህር ዛፍ ሲተከልበትና ቆሻሻ ሲደፋበት ግን አቅሙ ይቀንሳል፣ ውሃውም ወደ ቤት ይመለሳል። ኪጋሊ ኛንዱንጉ የሚባለውን የተጎዳ ረግረጓን መልሳ አልምታ 120 ሄክታር ገደማ የሆነ መናፈሻ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ከፍታለች። ሰው ይዝናናበታል፣ ውሃም ያድርበታል። ለጅማ ከየትኛውም ግንባታ በፊት ርካሹ ነገር ቦዬን አለመንካት ነው።

ጣሪያ ላይ ሣር ማብቀል የሚባለውን አልገባበትም። የአብዛኞቻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ያን ክብደት አይሸከምም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ውሃ ያሳድራል? | ተዳፋት | አፈር | ወጪ | እንክብካቤ | የትንኝ ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሮቶና አሸንዳ | እስኪሞላ ብቻ | ማንኛውም | አይመርጥም | ከፍተኛ | አሸንዳ መጥረግ፣ ማጠብ | ወንፊት ከሌለው አለ |
| የዝናብ ጓሮ | በደንብ | እስከ 10 በመቶ | ቀይ | ዝቅተኛ | ደለል ማውጣት፣ ማረም | በ48 ሰዓት ከደረቀ የለም |
| ሣር የለበሰ ቦይ | በመጠኑ፣ ፍጥነት ይሰብራል | 1–5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በእርከን | ሁለቱም | ዝቅተኛ | ማጨድ፣ ቆሻሻ መልቀም | ጎድጓዳ ከሌለው የለም |
| ማስረጊያ ጉድጓድ | በመጠኑ | ለጥ ያለ | ቀይ፣ ጥልቅ | መካከለኛ | ከተደፈነ እንደ አዲስ | ከተሸፈነ የለም |
| ያልተለሰነ ኮብልስቶን | ጥቂት | እስከ 5 በመቶ | ቀይ | ከፍተኛ | መጋጠሚያ ማጽዳት | የለም |
| ዛፍ | ቀስ በቀስ | ማንኛውም | እንደ ዝርያው | በጣም ዝቅተኛ | የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት | የለም |
| ረግረግ መጠበቅ | እጅግ ብዙ | ሜዳ | ዋልካ | የጋራ ስምምነት | ቆሻሻና ቁፋሮ መከልከል | ከቤት ራቅ ይበል |
| የሲሚንቶ ቦይ | አያሳድርም | ማንኛውም | አይመርጥም | ከፍተኛ | ቆሻሻ ማውጣት | ከተደፈነ አለ |

## ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆናችሁ መቆፈር አትችሉም ይሆናል። አንድ ክዳን ያለው በርሜል ከአሸንዳው ሥር ይበቃል፣ ስትሄዱም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ቱቦው በር ላይ ከሚያፈስ ጓሮ ላይ እንዲያፈስ ማዞር ደግሞ ከአንድ ክርን ቱቦ በላይ አይጠይቅም።

ላይ ሰፈር፣ ቀይ አፈር፣ ትንሽ ገንዘብ። የዝናብ ጓሮ። ሌላ አታስቡ። ሁለት ጎልማሳ በሁለት ቅዳሜ ይጨርሱታል። ገንዘብ ሲገኝ ሮቶ ጨምሩበትና ትርፉን ወደ ጓሮው አድርጉት። ተዳፋቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ውሃውን አታቁሙት። ቬቲቨር በአግድም መስመር፣ ከዚያ በእርከን የተሰራ ቦይ።

ታች ሰፈር፣ ዋልካ። እዚህ ማስረግ አይሰራም፣ የሚሰራው ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። የቤቱን ደፍ ከፍ አድርጉ፣ በዙሪያው ሣር የለበሰ ቦይ አውጡ፣ ሮቶ ከቻላችሁ ግዙ። እትዬ ጋ ያደረግነው ይሄው ነው፣ ሮቶው ሲቀር። እውነቱን ለመናገር ግን ለታች ሰፈር ሰው ትልቁ መፍትሔ ያለው ላይ ሰፈር ባለው ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ኢድር ወይም የአንድ መንገድ ጎረቤቶች። ገንዘቡን በየቤቱ ከመበተን መንገዱን አንድ ላይ ያዙት። በአንድ በኩል ሣር የለበሰ ቦይ፣ ጫፉ ላይ ቬቲቨር፣ በየመሃሉ ዋንዛ። ቦዩ ወደ ታች የት እንደሚገባ ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ። ማጽዳቱን በየቤቱ በተራ ክፈሉት፣ ተራው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ትልቅ ጣሪያና ትልቅ ግቢ ስላላቸው አንድ እነሱ ጋ የሚሰራ ሥራ የሰባት ቤትን ያህላል። 500 ካሬ ጣሪያ በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 13,000 ሊትር ያወርዳል። ለእጅ መታጠቢያ ትልቅ ታንከር፣ ለትርፉ ሰፊ የዝናብ ጓሮ። ሕፃናት ባሉበት ጥልቀቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይለፍ።

ሲሚንቶ ልታስለብሱ ገንዘብ የቆጠራችሁ። ግማሹን ብቻ አስለብሱ። የምታተርፉት ገንዘብ የዝናብ ጓሮውን አፈር፣ ድንጋይና ችግኝ ሁሉ ይሸፍናል።

## መቼ ይጀመር?

የአፈር ፈተናውን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ አድርጉት፣ እውነተኛውን መልስ የሚሰጠው የረጠበ አፈር ነው። ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ በስልካችሁ ቅረጹት፣ በጋ ላይ ማንም አያስታውሰውም። ቁፋሮው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሊጀምር ስለሚችል ክትሩ ከዚያ በፊት ይጠናቀቅ። ቬቲቨርና ጎደሬው ሰኔ ሲገባ ይተከላል። ለመጀመሪያው ክረምት ሣሩ እስኪይዝ ድረስ መግቢያው ላይ ያለውን ድንጋይ ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ እዩት። እኛ ጋ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተፈንቅሎ መልሰነዋል። እትዬም ባለፈው ሳምንት የዘነበ ዕለት ማታ ስልክ ደውለው ጠይቀውኛል፣ "ውሃው አደረ?" ብለው። አድሯል።